ሽብርን ለማጥናት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ አገር ይወቅ

ቦምብ በፈነዳ ማግስት ቴሌቪዥኑ «የሽብርተኝነት ጉዳዮች ተመራማሪ» ብሎ አንድ ሰው ያቀርባል። በፖለቲካ ሳይንስ፣ በሥነ ልቦና ወይም በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ቀጣዩን መንገድ የሚያስቡ ብዙ ወጣቶች ሙያውን የሚያውቁት በዚያ መስኮት ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ግን ከሥራው ጥቂቱን ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው የፍርድ ቤት መዝገብ በማገላበጥ፣ ላይመጣ የሚችል ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ በመጠበቅ፣ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ደጋግሞ በማዳመጥና ተማሪ በማስተማር ነው። ይህን ሥራ ከልቡ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ምክሬ አንድ ነው፤ ከሽብር አትጀምሩ። ከአንድ አገር፣ ከአንድ ሕዝብና ከአንድ ዘመን ጀምሩ።

በመስኩ ስማቸው የሚጠራ ሰዎችን መንገድ ተመልከቱ (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊቷ ማርታ ክሬንሾው ስለ ሽብርተኝነት መንስኤዎች የጻፉት፣ ዛሬም የሚጠቀሰው ጽሑፍ የወጣው በ1981 ነው። ከዚያ በፊት ግን የአልጄሪያን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር አጥንተው በ1978 መጽሐፍ አሳትመዋል። ስለ ሁሉም አገር ለመናገር የበቁት አንዱን አገር ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ነው። ኖርዌያዊው ስቲግ ያርለ ሀንሰን በ2013 ስለ አልሸባብ መጽሐፍ ሲያወጡ ሶማሊያን ለዓመታት ያጠኑ ሰው ነበሩ። የእኛው መድሃኔ ታደሰም በ2002 አዲስ አበባ ላይ ባሳተሙት ስለ ሶማሊያው ቡድን አል ኢትሃድ ጥናት የቡድኑን ፖለቲካዊ እምነት ከጥቁር ገበያው ጋር አያይዘው ነው ያዩት። የሶማሊያን ንግድ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማንሣት እንኳ አይችልም።

በትምህርት በኩል ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለተኛም ሦስተኛም ዲግሪያቸውን «የሽብርተኝነት ጥናት» በሚል ስም ብቻ ለመያዝ በመጣደፋቸው ነው። በርግጥ ማዕከሎቹ አሉ፤ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ከ1994 ጀምሮ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ስታርት ከ2005 ጀምሮ፣ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በፒተር ኖይማን የተመሠረተው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ይሠራሉ። ቅጥር የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፖለቲካ ሳይንስ፣ የሥነ ልቦና፣ የታሪክ ወይም የሶሲዮሎጂ ክፍል ነው፤ የቅጥር ኮሚቴውም «ምን ታስተምራለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በመስኩ የታወቁት ጆን ሆርጋን መጀመሪያ የሥነ ልቦና ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪው በፈለጋችሁት ስም ይሁን፤ ሦስተኛውን ግን በእናት ትምህርት ክፍሉ ያዙ። ሽብር የምርምር ጥያቄያችሁ ይሁን እንጂ ብቸኛ ሙያችሁ አይሁን።

የመስኩ አሮጌ ሕመም ማስረጃ ማጣት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው አንድሩ ሲልክ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ አብዛኛው የሽብርተኝነት ጥናት የተጻፈው ከሌላ ሰው መጽሐፍና ከጋዜጣ ተቀድቶ ነበር። ኋላ የተመራማሪው የባርት ስሁርማን ጥናት ነገሩ በጣም መሻሻሉን አሳየ። ያም ሆኖ ዛሬም አንድን ወጣት ተመራማሪ ከሌላው የሚለየው ይህ ነው፤ ማንም ያልያዘውን ማስረጃ በእጁ ይዞ መምጣቱ። ማስረጃ ሲባል የግድ ምስጢር ማለት አይደለም። የቀድሞው የሲአይኤ ባልደረባና የሥነ አእምሮ ሐኪም ማርክ ሴጅማን በ2004 የ172 ጂሃዳውያንን የሕይወት ታሪክ አሰባስበው መጽሐፍ ሲያወጡ፣ የፍርድ ቤት ሰነዶችን ጨምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ምንጮችን ነበር የተጠቀሙት። ያገኙት ውጤት ግን የብዙ ሰውን አስተሳሰብ ለወጠ፤ ሰዎቹን ወደ እንቅስቃሴው የሳባቸው በአብዛኛው ጓደኝነትና ዝምድና ነበር፤ እምነቱ የጠነከረው ከገቡ በኋላ ነው።

የቁጥር መረጃ ለሚወድ ደግሞ ስታርት ያዘጋጀው፣ ከ1970 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ጥቃቶችን የመዘገበው የዓለም የሽብር መረጃ ቋት አለ። ስትጠቀሙበት አንድ ነገር አትርሱ፤ ምንጩ የዜና ዘገባ ነው። ጋዜጠኛ ያልደረሰበት ገጠር ውስጥ የተፈጸመ ግድያ በቋቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ይህን ጉድለት የሚያይ ዓይን ያለው ያንን ገጠር የሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው፣ በተለይ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ዓረብኛ የሚጨምር ሰው፣ ትልቅ ሀብት አለው። በሚያዝያ 2015 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ዓለም ጉዳዩን ያየው በቡድኑ ፕሮፓጋንዳ በኩል ነው። ልጆቹ ከቂርቆስና ከሌላም ሰፈር እንዴት እንደወጡ፣ በረሃውን ማን እንዳሻገራቸው፣ ቤተሰብ መርዶውን እንዴት እንደሰማ መጠየቅ የሚችለው ግን የቤተሰቡን ቋንቋ የሚናገር ተመራማሪ ነው። ይህ መስክ ስለ ገዳዩ ብዙ ጽፏል፤ ስለ ሟቹ ቤተሰብ የጻፈው ጥቂት ነው። እዚህ የሚገባ ወጣት ብዙ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ቤት ሲኬድ ወግ አለ። መቅረጫ ይዞ ለቅሶ ቤት መግባት ነውር ነው፤ ከነውርነቱም በላይ በዚያች ሰዓት «እሺ» ያለ ሐዘንተኛ በእርግጥ ፈቅዷል አይባልም። አርባው ይውጣ። በእድሩ ሰብሳቢ ወይም ቤተሰቡ በሚያከብራቸው ሽማግሌ በኩል ላኩ። መጀመሪያ የሄዳችሁ ቀን ምንም አትጠይቁ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የሚጻፈው የት እንደሚታተም፣ ለቤተሰቡ ገንዘብም ሆነ ፍትሕ ማምጣት እንደማትችሉ ተናግራችሁ ተመለሱ። ካሰቡበት በኋላ «አይሆንም» ቢሉ መልሱ እሱ ነው። እናት የሆነችውን «እማማ» እያሉ ማነጋገር፣ ስታለቅስ መቅረጫውን ማጥፋት፣ የተጻፈውን በአማርኛ አንብቦ ማሰማት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ቅጽ ላይ አይገኝም። ግዴታነቱ ግን ከቅጹ አያንስም።

ከቀድሞ ተዋጊዎች ጋር መነጋገር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በአፍሪካ ወደ ጽንፈኛ ቡድኖች በፈቃዳቸው ከገቡ 495 ሰዎች መካከል 71 በመቶው ለመወሰን የገፋፋቸው የመንግሥት እርምጃ፣ ለምሳሌ የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል ወይም መታሰር እንደሆነ ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ግኝት የትኛውንም መንግሥት አያስደስትም። ሰዎቹ እውነቱን የተናገሩት ግን የሚነግሩት ሰው እንደማያጋልጣቸው አምነው ነው፤ ያን እምነት እንዴት እንደምትጠብቁት አስቀድማችሁ እወቁ።

በዚህ ረገድ የቦስተን ኮሌጅን ታሪክ ሳያነብ ወደ መስክ የሚወጣ ባይኖር እመኛለሁ። ከ2001 ጀምሮ ለዓመታት የሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎች «ሳትሞቱ አይወጣም» ተብለው ታሪካቸውን ለዩኒቨርሲቲው ማኅደር ተናገሩ። በ2011 ግን የብሪታኒያ ባለሥልጣናት በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ቅጂዎቹን ጠየቁ፤ ረጅም ሙግት ተካሂዶ የተወሰኑት ተሰጡ፤ በ2014 ፖሊስ የሺን ፌን ፓርቲ መሪ ጄሪ አዳምስን አስሮ ጠየቃቸው፤ ኋላም ያለ ክስ ተለቀቁ። ተመራማሪዎቹ የገቡትን ቃል ሕጉ አላከበረላቸውም። ስለዚህ ልትጠብቁ የማትችሉትን ቃል አትግቡ። ቃለ መጠይቁን ከመጀመራችሁ በፊት «ያልተፈረደበትን ወንጀል፣ የሰው ስም፣ ሊደረግ የታሰበ ነገር አይንገሩኝ፤ ከነገሩኝ ፍርድ ቤት ሊያስገድደኝ ይችላል» በሉ። የተናጋሪውን ስም ከመጀመሪያውም አትጻፉ፤ በእጃችሁ የሌለውን ማንም ሊወስድባችሁ አይችልም።

ሕጉ ተመራማሪውንም ይነካል። በ2008 በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የነበሩት ሪዝዋን ሳቢር፣ ከአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ የተገኘ የአልቃይዳ የሥልጠና ጽሑፍ ለጥናት በማውረዳቸው ሰባት ቀን ታሰሩ። ያለ ክስ ተለቀቁ፤ በኋላም ከፖሊስ 20,000 ፓውንድ ካሣ ተከፈላቸው። የእንግሊዝ ሕግ በ2019 ተሻሽሎ የአካዳሚ ምርምር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለመያዝ በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ተጽፎበታል። በእኛ አገር የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች የተከሰሱበት ሕግ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አንብቡ። ማንኛውንም የቡድን ጽሑፍ ከማውረዳችሁ በፊት የጥናት ፈቃዱ ደብዳቤ በእጃችሁ ይሁን፤ ጽሑፉ በግል ስልክ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው በሚያውቀው ኮምፒውተር ይቀመጥ።

ከሕጉ ጋር ተያይዞ የመንግሥት ስያሜ ይመጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2021 ሕወሓትንና «ሸኔ»ን በሽብርተኝነት ሰየመ፤ በመጋቢት 2023 ሕወሓት ከዝርዝሩ ወጣ። ስያሜውን የጥናቱ መሠረት ያደረገ ተመራማሪ በየውሳኔው መጽሐፉን ሊያድስ ነው። ማን ተገደለ፣ እንዴት፣ ኃላፊነቱን ማን ወሰደ፣ ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ የጻፈ ግን ምክር ቤቱ ምንም ቢወስን ሥራው አይፈርስም። በአገራችን ሁኔታ ይህን ይዞ መቆም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከአንዱም ከሌላውም ወገን ስድብ ያመጣል። ቢሆንም የምሁሩን ቃል ከካድሬ ቃል የሚለየው ይኸው ነው።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስ። በሐምሌ 2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰዎች በተገደሉበት ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ባለሙያዎች ጣታቸውን በጂሃዳውያን ላይ ቀሰሩ። ገዳዩ ቀኝ ጽንፈኛ ኖርዌያዊ ነበር። ጋዜጠኛ በዚያች ሌሊት ሲደውል የሚታወቀውን ብቻ ተናገሩ፤ ስለ ገዳዩ ማንነት አትገምቱ። አንድ ቀን በባለሙያ ምስክርነት ፍርድ ቤት ብትቆሙ፣ ጠበቃው በስቱዲዮ የተናገራችሁትን አውጥቶ ያነብባችኋል። ምስክርነቱም ለጠራችሁ ወገን ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ የሚሰጥ ነው።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ፤ ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ጥቂት ነው፤ የምርምር በጀት ጥቃት ሲበዛ ይጨምራል፤ ትኩረት ሲዞር ይደርቃል። አዲስ አበባ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋምና የደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ቢሮ፣ ጂቡቲ ደግሞ የኢጋድ ጽንፈኝነትን የመከላከል ማዕከል አሉ። የማማከር ሥራ ስትይዙ ውሉ ውስጥ ግኝቱን ያለ አሠሪው ፈቃድ የማሳተም መብት መኖሩን ሳታዩ አትፈርሙ። ይህ ከሌለ ክፍያው ቢበዛም ለአካዳሚ ሕይወታችሁ የሚተርፍ ነገር የለም።

አእምሯችሁንም ጠብቁ። የግድያ ቪዲዮ ማየት የግድ ካልሆነ አትዩ፤ የግድ ከሆነ ድምፁን ዘግታችሁ፣ መስኮቱን አሳንሳችሁ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ቢሮ እዩ። እንቅልፍ እምቢ ካለ ለአማካሪያችሁ ንገሩ፤ ብዙ አንጋፋ ተመራማሪዎች የሚጸጸቱት ሳይናገሩ በመቆየታቸው ነው።

ዘንድሮውኑ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ውሳኔ የተሰጠበት አንድ የሽብር ክስ መዝገብ ይምረጥ። ክሱን፣ የምስክሮቹን ቃል፣ መከላከያውንና ፍርዱን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ፤ ተከሳሹን ማን ከማን ጋር እንዳገናኘው በወረቀት ላይ ይሣል። በነፃ የሚነበበውን «ፐርስፔክቲቭስ ኦን ቴሮሪዝም» መጽሔት ከፍቶ ተመሳሳይ ጉዳይ ሌሎች እንዴት እንደጻፉት ያስተያይ። ከዚያ ሃያ ገጽ ይጻፍና ያን አገርና ያን ቋንቋ ለሚያውቅ አንድ መምህር ይስጥ።