ከቼዝ ገበታ ወደ ጥቁር ሰሌዳ

ማታ ማታ በማረፊያ ክፍላችን የቼዝ ገበታ ሲዘረጋ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ይበዛል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የተሸነፈው ጓደኛችን ጠጠሮቹን በእጁ ጠርጎ ሳጥን ውስጥ ይከታቸውና «ዛሬ ቀኔ አይደለም!» ብሎ ይነሳል። ያሸነፈውም ስቆ ዝም ይላል። ከጨዋታው ሊገኝ የሚችለው ትምህርትም አብሮ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለመምህርነት ለምንዘጋጅ ሰዎች ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

እንደሚታወቀው ጨዋታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ሰንጠረዥ የሚባለው የቼዝ ዓይነት ይዘወተር ነበር። ሰንጠረዥን ከዛሬው ቼዝ ከሚለዩት ነገሮች አንዱ አጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ የመክፈቻ ክፍል፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እንግዲህ የራሱን ጠጠር ብቻ እያየ የሚጫወት ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ዓይን ከባላጋራ እጅ መለየት የለበትም።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ጥሩ ተጫዋች ባላጋራው ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር «ይህን ለምን አደረገ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እኛስ? ለማስተማር ልምምድ ከወጣነው አንዱ፣ ክፍልፋይ ስለ መደመር አስተምሮ ሲመለስ «ልጆቹ ደካሞች ናቸው፤ ምን ላድርግ?» አለን። እኛም አብረን ልጆቹን አማን። በማግስቱ የትምህርት ዕቅዱን ዘርግተን ስናየው ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። ጓደኛችን በየመሀሉ «ገባችሁ?» ሲል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ፤ እሱም ያልፋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንድትሠራ አደረገ። 1/2 ሲደመር 1/3 ይሆናል 2/5 ብላ ጻፈች። «ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ» ከማለት ይልቅ «እንዴት አገኘሽው?» ብሎ ጠየቃት። የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምራ ነበር። ለካ ግማሽ ክፍሉ የሚያስበው እንደዚያው ነው! አንድ ብርቱካን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት ቆርጦ ከእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ አሳያቸው። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ፣ ድምሩ ግን ከግማሽ ማነስ እንደማይችል በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ወደ 5/6 ለመድረስ ብዙም አልተቸገሩም።

ሁለተኛው ትምህርት ሽንፈትን ስለ መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ ጋሪ ካስፓሮቭ ከዓለም ሻምፒዮኑ ከአናቶሊ ካርፖቭ ጋር ሲገጥም፣ ደንቡ ቀድሞ 6 ጨዋታ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል የሚል ነበር። ከ9 ጨዋታ በኋላ ካርፖቭ 4 ለ0፣ ከ27 ጨዋታ በኋላ ደግሞ 5 ለ0 መራ። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ካስፓሮቭ ግን «በቃኝ» አላለም። አሟሟቁን ትቶ በጥንቃቄ እየተጫወተ፣ አቻ በአቻ ላይ እየደረበ፣ የካርፖቭን አጨዋወት ለወራት አጠና። 5 ለ3 በሆኑ ጊዜ፣ በየካቲት 1985፣ ግጥሚያው ከ48 ጨዋታ በኋላ ያለ አሸናፊ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በተጠናቀቀው አዲስ ግጥሚያ ካስፓሮቭ 13 ለ11 አሸንፎ በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሦስተኛው ትምህርት አሸናፊ ለሆነ ሰው ነው። የባላጋራችን ንጉሥ ጥቃት ሳይደርስበት፣ ተራው ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው አንዳች ጠጠር ካጣ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ንግሥት በእጁ ይዞ እየተቻኮለ ድሉን በዚህ ያበላሸ ስንቱ ነው! ትምህርቱ ሰመረልኝ ብሎ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ በጥድፊያ የሚጨርስ መምህርም ከዚህ አይለይም።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ተማሪ ባላጋራ አይደለም። ቼዝ ላይ የሌላውን ሐሳብ የምንፈልገው ለማሸነፍ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን እሱ እንዲያሸንፍ ነው። ልማዱ አንድ ቢሆንም ዓላማው ለየቅል ነው።

ስለዚህ ለእጩ መምህራን ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ ጨዋታው ሲያልቅ ጠጠሮቹን አንጥረግ። አሸናፊና ተሸናፊ አሥር ደቂቃ አብረው ይቀመጡና «የቱ ጋ ተሳሳትን?» ይባባሉ። ከልምምድ ክፍል ስንመለስም እንደዚሁ እናድርግ። መምህሮቻችንም አንዳንዴ አጠገባችን ተቀምጠው የራሳቸውን የተሸነፉበትን ክፍለ ጊዜ ቢያጫውቱን፣ ከብዙ ማስታወሻ የበለጠ እንማርበታለን።