መጠጥ፣ የአእምሮ ሕመምና የምስጢር ፈቃድ

የመንግሥትን ምስጢር የሚጠብቀው ካዝናው ብቻ አይደለም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ጭምር ነው። ስለዚህ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት የሰውየው ጠባይ ይመረመራል። ምርመራው መጠጥንና የአእምሮ ሕመምን እንዴት እንደሚመለከት ለመረዳት፣ ደንቡ በግልጽ ታትሞ ከሚገኝበት ከአሜሪካ ምሳሌ ልንወስድ እንወዳለን። በዚያ አገር በመንግሥት ሥራና በጦር ሠራዊት የሚያገለግሉ የወገኖቻችን ልጆች ስላሉ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 10450 የተባለውን ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዙ ከልክ ያለፈ የመጠጥ ልማድን ከአደገኛ ነገሮች ቆጠረ፤ ለከባድ የአእምሮ ሕመም መታከምንም፣ ስለ መዳኑ በቂ ማስረጃ ካልቀረበ፣ እንደ ነቀፌታ አየው። ውጤቱን መገመት አያዳግትም፤ እንጀራውን የሚወድ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመታየት ሕመሙን ይዞ ዝም ማለትን ይመርጣል። በ1995 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያወጡት ትእዛዝ 12968 ግን የአእምሮ ጤና ምክር መጠየቅ ብቻውን ሰውን እንደማያስነቅፍ፣ እንዲያውም በበጎ ሊቆጠርለት እንደሚችል ደነገገ።

በ2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ 13 የመመዘኛ ነጥቦች አሉት። ስለ መጠጥ የሚናገረው ክፍል የሚጠይቀው ሰውየው መቅመሱን አይደለም፤ ሰክሮ መኪና መንዳቱን፣ ሰክሮ ሥራ መግባቱን፣ አእምሮውን እስኪስት መጠጣቱን፣ ሐኪም ያዘዘውን አለመከተሉን ነው። በአንጻሩ ጥፋቱን አምኖ ልማዱን ያሻሻለ፣ ሕክምናውን በሚገባ የፈጸመ ሰው ይህ ይታሰብለታል። ስለ አእምሮ ሕመም የሚናገረውም ክፍል እንደዚሁ ነው፤ ሕመሙ በሕክምና የሚገታ ከሆነና ታማሚው ሕክምናውን ከተከተለ፣ ሕመሙ ብቻውን በር አይዘጋበትም።

እንግዲህ የሚመዘነው ሕመሙ ሳይሆን የሰውየው ማስተዋልና ታማኝነት ነው። ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ስካሩን አምኖ ታከመ፤ ሁለተኛው ግን ኤስ ኤፍ 86 በተባለው የመጠይቅ ቅጽ ላይ ሆን ብሎ ካደ። የሁለተኛው ውሸት በሌላ ነጥብ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቆጠርበታል። ደግሞም የተደበቀ ነገር በባዕድ እጅ ከገባ ማስፈራሪያ ይሆናል፤ የታወቀ ነገር ግን ማንንም አያስፈራራም።

ይሁን እንጂ የሰዎቹ ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። በዚያው መመሪያ መሠረት ጥርጣሬ ሲኖር ፍርዱ ለአገር ደህንነት ያደላል፤ በዚህም መካከል ቅን ሰው ሊጎዳ ይችላል። የመታከምን ዋጋ በወረቀት መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛው በዚያ ወረቀት እንዲያምን ማድረግ ግን ሌላ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በየመኝታ ቤታችን ጭንቀቱን በጠርሙስ የሚያስታግስ ጓደኛ ብናይ ስቀን አንለፈው፤ «እብድ» ይሉኛል ብሎ ከሐኪም የሚሸሸውንም አብረነው እንሂድ። ነገ የሕዝብ አደራ የምንቀበል እኛ ነንና፣ ችግርን አውጥቶ መናገር የደካማነት ሳይሆን የታማኝነት ምልክት መሆኑን ከአሁኑ እንልመድ።