ምዕራፍ 7፦ ወደ ሰደድ እሳት የሚወስደው መንገድ በእርሻ በኩል ነው

የሰደድ እሳት አብራሪ ሲባል ነበልባል ውስጥ ዘው ብሎ የሚገባ ደፋር የሚታየን ብዙዎች ነን። ቀጣሪዎች ግን የሚፈልጉት ሌላ ሰው ነው፦ ከባድ ጭነት ይዞ፣ ከዛፍ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ነፋስ በሚንጠው ሸለቆ ውስጥ ረጋ ብሎ መብረር የለመደ። ይህን ልምድ ከየት ማግኘት እንደሚቻል ሥራው የተስፋፋባትን አሜሪካን ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

ሥራው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያዋ ዊሎውስ ከተማ፣ ለእርሻ ሥራ ይውል የነበረ ስቲርማን አውሮፕላን 170 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ተገጠመለትና እሳት ላይ ውኃ አፈሰሰ። ዝምድናው ዛሬም አልተቋረጠም። በቴክሳስ ኦልኒ የሚሠራው ኤር ትራክተር 802 ከእርሻ አውሮፕላን ቤተሰብ የተገኘ ሲሆን 800 ጋሎን፣ ማለትም 3,000 ሊትር ያህል ይሸከማል። በእኛም አገር የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «እሸት» የተባለ የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጥሟል። ሰብል ላይ ዝቅ ብሎ መድኃኒት የሚረጭ አብራሪ የዚህን ሙያ ግማሽ ይዟል ማለት ይቻላል።

ከአውሮፕላን ሲወርድ በቴሌቪዥን የምናየው ቀይ ፈሳሽ ሪታርዳንት ይባላል። ከማዳበሪያ ጋር የሚቀራረብ ጨው በውኃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ከነበልባሉ ፊት ለፊት ባለው ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ ዓላማው እሳቱን አዘግይቶ በምድር ላሉት ሠራተኞች ጊዜ መግዛት ነው። አብራሪው የሚያገለግለው እነሱን ስለሆነ ጭነቱን ያለ ቦታው ከለቀቀው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሦስቱ ደረጃዎች

*አንደኛ፣ ፈቃድ።* ኮሜርሻል የሚባለውን የአብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜዎ 18 መሙላት አለበት፤ በተለመደው መንገድ ደግሞ 250 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። በዚህ ፈቃድ ተቀጥሮ ለመሥራት ሁለተኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የውጭ ዜጋ ከሆኑ ሥልጠና ከመጀመርዎ በፊት የደኅንነት ማጣራት ያልፋሉ። የአብራሪነት ፈቃድ የሥራ ፈቃድ እንዳልሆነም አይርሱ።

*ሁለተኛ፣ ሰዓት።* ለመንግሥት እሳት ሥራ በዋና አብራሪነት ለመቅረብ በተለምዶ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ማስተማር ሰዓት ያስቆጥራል፤ የእርሻ ርጭት ግን ሰዓቱን ከትክክለኛው ልምድ ጋር ይሰጣል። ኤር ትራክተር ሦስተኛው ጎማው ከጭራው ሥር ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ አውሮፕላን ማኮብኮብና ማረፍን ቀደም ብለው ይማሩ።

*ሦስተኛ፣ በር ማግኘት።* እስከ 9,400 ጋሎን በሚጭነው ዲሲ-10 ዓይነት ትልቅ አውሮፕላን ጀማሪው ከዋናው አብራሪ ጎን ተቀምጦ ይማራል። ኤር ትራክተርን የሚያበረው ግን አንድ ሰው ነው። ከአውሮፕላኑ ጋር ነዳጅና መሣሪያ ጭኖ የሚከተል መኪና አለ፤ መኪናውን እየነዱ፣ ቱቦ እየጎተቱ፣ ታንክ እየሞሉ ሙያውን ከሥሩ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ይህን ሥራ አይናቁ።

መውጫውን አስቀድሞ ማየት

ልምድ ያለው አብራሪ ወደ እሳቱ ከመግባቱ በፊት የሚወጣበትን ይመርጣል፤ በተቻለ መጠንም ወደ ቁልቁለት የሚወስደውን። ስሌቱ የሚሠራው ታንኩ አልከፈትም ቢል እንኳ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ፣ በሰላም መውጣት እንዲችል ተደርጎ ነው። እንዲህ ያለ መውጫ ከሌለ «ይህን አልሠራም» ብሎ በሬዲዮ መናገር ከሙያው ግዴታዎች አንዱ ነው።

ጥንቃቄው አውሮፕላኑንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ወር ልዩነት የሁለት አሮጌ እሳት አጥፊ አውሮፕላኖች ክንፍ አየር ላይ ተሰብሮ የውስጡ ሰዎች አለቁ። በ2004 የአሜሪካ መንግሥት የ33 ትልልቅ አውሮፕላኖችን ውል አቋረጠ። ስለዚህ ሥራ ሲጠይቁ ከደመወዙ በፊት ስለ አውሮፕላኑ ዕድሜና ምርመራ ይጠይቁ።

ኑሮውንም ለቤተሰብዎ ቀድመው ያስረዱ። በአሜሪካ የመንግሥት እሳት ሥራ ደንብ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይበርም፤ የሥራ ቀኑ ግን እስከ 14 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ ብዙው ሰዓት የሚያልፈው ጥሪ በመጠበቅ ነው። ክረምትና በዓል ሳይለይ ዓመቱን ሙሉ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ አድርገው አያስቡት፤ የእሳት ወቅት ሲያበቃ ሌላ ሥራ የሚይዙ ብዙ ናቸው።

በዚህ ወር የሚሠሩት

1. ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የጤና ምርመራውን ይጨርሱ።
2. የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይፈልጉ።
3. አንድ የእርሻ ርጭት ድርጅት ሄደው በምድር ሥራ ለመጀመር ይጠይቁ።
4. አየሩ ወይም አውሮፕላኑ ስላላማረዎት የሰረዙትን በረራ ሁሉ ከነምክንያቱ መዝግበው ይያዙ። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ፣ ከበረሩት ሰዓት ቀጥሎ ስለ እርስዎ ብዙ የሚናገረው ይህ መዝገብ ነው።