ሽንት የሚያመልጠው ሰው ከጀማዓ አይቀርም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የሚነገር በሽታ አለ፤ የሚደበቅ በሽታም አለ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ቆሞ ስለ መድኃኒቱ ከወዳጁ ጋር ሲወያይ እናያለን። ሽንት የሚያመልጠው ሰው ግን ለሐኪም ቀርቶ ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይናገር ዓመታት ያልፉታል። መጀመሪያ ከጀማዓ ሶላት ይቀራል። ቀጥሎ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት ይርቃል፤ ረጅም መንገድ መሄድም ይተዋል። በመጨረሻ ከፊሎቹ «ውዱኤ አይቆምልኝም፣ ልብሴም ንጹሕ አይደለም» እያሉ ሶላትን እስከ መተው ይደርሳሉ። ብዕሬን እንዳነሳ ያስገደደኝ ይኸው የመጨረሻው ነው።

እኔ ራሴ ከፕሮስቴት ሕመም የተነሳ ከዚህ ችግር ጋር መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሰፈራችን መስጊድ መሠረታዊ የፊቅህ ትምህርት ስለማስተምርም፣ ደርሱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲበተን ወደኋላ ቀርተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ አባቶች፣ በልጆቻቸው በኩል የሚያስጠይቁኝ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ለአንድ ለአንድ የምመልሰውን ዛሬ ለሁሉም በአንድነት ላቅርብ።

ችግሩ ምንድን ነው?

የአዋቂ ሰው የሽንት ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ፊኛውን ከሥር ደግፈው የያዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሲላሉ፣ ወይም ፊኛውን የሚያዙት ነርቮች ሲታወኩ፣ ወይም መውጫው ሲጠብ ሽንት ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል።

አንዱ ዓይነት ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ ወይም ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ጠብ የሚለው ነው። ደጋግመው በወለዱ እናቶች ላይ ይበዛል፤ ከሱጁድ ሲነሱም ያጋጥማቸዋል። ሁለተኛው ድንገት አጣድፎ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጠው ነው። ሦስተኛው ፊኛው በደንብ ሳይጎድል ቀርቶ ሞልቶ የሚፈሰው ሲሆን፣ ፕሮስቴታቸው ባበጠ አረጋውያንና የቆየ የስኳር በሽታ ነርቫቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ ይታያል። አራተኛው ሌትና ቀን ያለማቋረጥ የሚፈሰው ፊስቱላ ነው፤ ስለ እርሱ ወደኋላ እመለሳለሁ። እነዚህ ሁሉ «የእርጅና ነገር ነው» ተብለው የሚተዉ አይደሉም። አብዛኞቹ በሕክምና ይድናሉ ወይም ይቀልላሉ።

ሐያእ ከመጠየቅ አይከለክልም

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ነገር ግን ሐያእ ዲንን ከመማር ሊያግደን አይገባም። ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) መዝይ የሚበዛባቸው ሰው ነበሩ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ባለቤታቸው ስለነበረች ራሳቸው መጠየቁን አፈሩ፤ ሆኖም ጥያቄውን አልተውትም፣ ሚቅዳድን ልከው አስጠየቁ። መልሱም አካልን ማጠብና ውዱእ ማድረግ እንደሆነ ተነገራቸው። ከዚህ የምንማረው፣ ያፈረ ሰው ሌላ ሰው መላክ እንደሚችል፣ ሳይጠይቅ መቅረት ግን እንደሌለበት ነው።

ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ግን ራሷ ቀርባ ደሟ አልቆም እንዳላትና ሶላትን ትታ ትቀመጥ እንደሆነ ጠየቀች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን፣ በሐይዷ ቀናት ብቻ ሶላትን ትታ ከዚያ በኋላ ደሙን አጥባ እንድትሰግድ፣ ለየሶላቱም ውዱእ እንድታደርግ ነገሯት። ፉቀሃኦች ሽንቱ፣ ነፋሱ ወይም የቁስሉ ደም የማይቆምለትን ሰው ሑክም ያወጡት ከዚህ ሐዲስ በመነሳት ነው።

ቁርኣንን የሰበሰቡት ታላቁ ሶሓባ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) እንኳ ባረጁ ጊዜ ሽንታቸው አልቆም ብሏቸው እንደነበር፣ በተቻላቸው መጠን እየተከላከሉ፣ ሲያሸንፋቸው ግን ውዱእ አድርገው ይሰግዱ እንደነበር ተዘግቧል። እንግዲህ ይህ ችግር ማንን ያዋርዳል? ማንንም አያዋርድም።

ሑክሙ ደረጃ በደረጃ

በቅድሚያ ዑዝር ያለበት ሰው ማን እንደሆነ እንለይ። አልፎ አልፎ ሲያስል ብቻ ጠብ የሚልበት ሰው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሲያመልጠው ውዱኡ ይፈርሳል፣ ታጥቦ እንደገና ያደርጋል። የሽንቱ መፍሰስ የሚቋረጥበት የታወቀ ሰዓት ያለውም ወቅቱ እስካላለፈ ድረስ ያንን ሰዓት ጠብቆ ይሰግዳል። ዑዝር ያለበት የሚባለው በአንድ ሶላት ወቅት ውስጥ ውዱእ አድርጎ ፈርዱን ለመስገድ የሚበቃ ፋታ የማያገኘው ነው።

ይህ ሰው የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ኢስቲንጃእ ያደርጋል፣ የታጠቀውን ጨርቅ ወይም ሞዴስ ይለውጣል፣ ከዚያም ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ከዚያ በኋላ በሶላት ውስጥም ቢሆን የሚወጣው አይጎዳውም፤ ሶላቱን አያቋርጥም፣ አይደግምምም።

በዝርዝሩ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ በአንድ ውዱእ አንድ ፈርድና የፈለገውን ያህል ሱና ይሰግዳል፤ ውዱእ ካደረገ በኋላም ጀማዓን እንደመጠበቅ ላለ ለሶላት ጥቅም ካልሆነ በቀር አይዘገይም። በሐነፊይ መዝሀብ ወቅቱ እስኪወጣ ድረስ በዚያው ውዱእ ፈርድም ሱናም ይሰግዳል፤ ሐንበሊዮችም ውዱኡን ለየሶላቱ ወቅት ያደርጉታል። ማሊኪዮች ደግሞ ያግራራሉ፤ መፍሰሱ የወቅቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ከያዘ ውዱኡን እንደማያፈርስ፣ ማደሱ ግን የተወደደ እንደሆነ ይናገራሉ። ሶላት መተው የሚል ግን ከአራቱም ውስጥ አንድም የለም።

ብዙ ሰው የማያውቃትን አንዲት ነጥብ ልጨምር። ሲቆም የሚፈስበት፣ ሲቀመጥ ግን የሚቆምለት ሰው በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ ቁጭ ብሎ ይሰግዳል። አካሉን በደንብ ያሰረና መስጊዱን ያበላሻል ተብሎ የማይፈራበት ሰውም መስጊድ ከመግባት አይከለከልም።

ከዚሁ ጋር ዑዝርንና ወስዋስን መለየት ያስፈልጋል። «ወጣ ይሆን?» እያለ በየሶላቱ የሚጠራጠር፣ ሲያይ ግን ምንም የማያገኝ ሰው ዑዝር የለበትም። እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም።

ከቤት ስንወጣ

አሁን ወደ ዕለት ኑሮ እንምጣ። ብዙ ሰው ሽንት እንዳያመልጠው ውሃ መጠጣት ያቆማል። ይህ ስህተት ነው። ሽንት ሲወፍር ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ ይበልጥም ያጣድፋል፤ ድርቀትም ፊኛውን ይጫነዋል። ውሃውን በቀን ውስጥ አከፋፍሎ መጠጣት፣ ከመውጣትና ከመተኛት በፊት ባለው ሰዓት ብቻ መቀነስ ይሻላል። ፊኛን የሚቀሰቅሱት ቡናና ሻይ ናቸው። በረመዷን ከኢፍጧር እስከ ስሑር ውሃውን ጥቂት በጥቂት እጠጣለሁ፤ ሻይን ግን ከተራዊሕ በኋላ አደርገዋለሁ።

ስወጣ ትንሽ ቦርሳ አልለይም። በውስጧ ሁለት ቅያሪ መታጠቂያ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ ውሃ የማያሳልፍ ከረጢትና የውሃ ላስቲክ አለ። ሞዴስ ለሴቶች ብቻ የተሠራ ቢመስልም ወንድን ከመጠቀም የሚያግደው የለም። ብዙ ለሚፈሳቸው የአዋቂ ዳይፐር በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ አቅም ለሌለው ታጥቦ የሚደርቅ የተደራረበ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ዋናው ነገር እርጥቡን ይዞ አለመቆየት ነው፤ ሽታውም የቆዳው ቁስለትም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሲለውጡ በውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ስስ ቫዝሊን መቀባት ቆዳን ይጠብቃል። ጠቆር ያለ ሱሪና ረዘም ያለ ጀለቢያ ልብን ያረጋጋል።

መስጊድ ስገባ በሶፉ ጫፍ፣ ለበሩ በሚቀርበው በኩል እቆማለሁ። ለጁሙዓ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ፤ ውዱኤን ግን ወቅቱ ሲገባ እዚያው አደርጋለሁ። ረጅም መንገድ ከመሄዴ በፊት ሽንቴን ሸንቼ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ እደግማለሁ፤ በፊኛው ውስጥ የቀረው ያን ጊዜ ይወጣል። ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ «ሕመምተኛ ነኝ፣ ስንቆም ንገሩኝ» ማለት ይበቃል፤ የሕመሙን ስም መናገር ግዴታ አይደለም።

ጡንቻውና ሐኪሙ

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል ያስተዋወቁት ቀላል ስፖርት አለ። ሽንትን ወይም ነፋስን ለመያዝ እንደሚደረገው ከሥር ያሉትን ጡንቻዎች አጥብቆ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ መያዝ፣ ለዚያኑ ያህል ጊዜ መልቀቅ፣ ይህን 10 ጊዜ መደጋገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ማድረግ ነው። ቁጭ ብሎም፣ ታክሲ እየጠበቁም ማንም ሳያውቅ ይሠራል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ስለሚታይ ሶብር ይፈልጋል። አጣዳፊ ሽንት ያለበት ሰው ደግሞ የመሽኛ ሰዓቱን 15 ደቂቃ እያራዘመ ፊኛውን ሊያለማምደው ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ሐኪምን አይተካም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ ስኳርና ፕሮስቴት ተመርምረው የሚታወቁና የሚታከሙ ናቸው። ሽንቱ ውስጥ ደም ያየ፣ ሽንቱ ጭራሽ የቆመበት፣ ትኩሳት የያዘው ወይም እግሩ ድንገት የደነዘዘበት ሰው ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

በምጥ ብዛት ፊስቱላ የያዛቸው እህቶቻችን ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ምጡ ሲረዝም የልጁ ራስ ሥጋዋን ተጭኖ ይገድለዋል፣ በፊኛውና በማህፀን በር አካባቢ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሽንቷም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት የተፈታችና ከሰው ተገልላ የምትኖር ሴት አለች። ሕክምናው ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት ተቋቋሙ። ሕክምናው በነፃ ነው፤ ከ60,000 በላይ ሴቶችም ታክመውበታል። በየገጠሩ እንዲህ ያለች እህት የሚያውቅ ሰው የሆስፒታሉን መንገድ ቢያሳያት ትልቅ ሶደቃ ነው።

የእኛስ ድርሻ?

አንድ የገጠር ዐረብ መጥቶ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ሲሸና ሶሓቦች ሊያቋርጡት በተነሱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዉት አሉ። ሲጨርስም በቦታው አንድ ባልዲ ውሃ አስፈሰሱበት፣ እርሱንም በለዘበ አነጋገር አስተማሩት። ያ ሰው እያወቀ አደረገው፤ የእኛ አባት ግን አምልጦት ነው። ታዲያ ምንጣፉ ላይ ጠብ ያለ እንደሆነ ፊታችንን ማጥቆራችን ከየት የመጣ ሱና ነው?

የመስጊድ ኮሚቴዎች በመጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ውሃ፣ ልብስ መስቀያና ክዳን ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ቢያኖሩ ወጪው ትንሽ ነው። ከሶፉ ጫፍ ጥቂት ወንበሮች ቢቀመጡም እንዲሁ። ልጆችም አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከመስጊድ ከቀሩ «ሰነፉ» አትበሉ። ብቻቸውን አግኝታችሁ በእርጋታ ጠይቋቸው፣ የሚታጠቁትንም ሳይጠይቋችሁ ግዙላቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም፤ በዲንም ውስጥ ጭንቅ አላደረገብንም። እርሱ ያገራውን እኛ አናክብደው። ሕመምተኞቻችንን ይሽርልን፣ ወደ ቤቱም ከመመላለስ አያስቀረን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።