ባትሪ ከመለወጡ በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በእርሻ ወራት ወይም የከብት ክትባት መድኃኒት ተጭኖ ወደ ገጠር ሊሄድ ሲል የመኪናው ሞተር አልነሣ ያለ እንደ ሆነ የጠፋው ጊዜ አይመለስም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙዎች «ባትሪው ሞቷል» ብለው አዲስ ይገዛሉ። ጉድለቱ ግን ከባትሪው ሳይሆን ከሚሞላው መሣሪያ የመጣ ከሆነ አዲሱም ባትሪ ሳይቆይ እንደ ፊተኛው ይሆናል። ስለዚህ የመንግሥት ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን ሹሙ በግዢው መጠየቂያ ላይ ከመፈረሙ አስቀድሞ ጉድለቱ በመለኪያ ሊታወቅ ይገባል።

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው፤ በተለምዶ ዲናሞ የሚባለው ኦልተርኔተር ደግሞ ጎተራውን የሚሞላ ነው። ሞተሩን ለማስነሣት ባትሪው ኃይል ይሰጣል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው በቺንጋ እየተሽከረከረ የወጣውን ይመልሳል። ጎተራ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ይኸውም ጎተራው ተበስቷል፤ ወይም የሚያስገባለት ጠፍቷል፤ ወይም አይጥ በሌሊት ይበላዋል። የባትሪም ነገር እንደዚሁ ነው።

1ኛ፤ በዓይን የሚታይ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው አለመላላቱንና አለመሰንጠቁን፤ የባትሪው ራሶች መጥበቃቸውንና ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት አለመያዛቸውን መመልከት ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲከፈት የባትሪው ምልክት መብራት ሊበራ፤ ሞተሩ ሲነሣ ሊጠፋ ይገባዋል። ሳይጠፋ ቢቀር ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። ከመጀመሪያውም ባይበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል፤ በብዙ መኪና የዲናሞው መቀስቀሻ ኃይል በዚሁ መብራት በኩል ስለሚያልፍ ይህም ብቻውን መሙላትን ሊከለክል ይችላል።

2ኛ፤ በመለኪያ የሚታወቅ። የሚከተለው ቁጥር ለ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ በ24 ቮልት ለሚሠራ ትልቅ መኪና እጥፍ ይሆናል።

ሀ) መኪናው አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ሙሉ፤ 12.2 ግማሽ ያህል፤ ከ12 በታች ባዶ ለመሆን የቀረበ ነው። ባዶ ባትሪ በመሙያ ሳይሞላ ሊፈረድበት አይገባም።

ለ) ሙሉው ባትሪ ሞተር ሲያስነሣ ከ9.6 ቮልት በታች ቢወርድ ባትሪው ደክሟል።

ሐ) ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊታይ ይገባል። ቁጥሩ ከፊተኛው ካልጨመረ በዲናሞው መውጫ ላይ ደግሞ ይለካ፤ በዚያ ደኅና ሆኖ በባትሪው ላይ ካነሰ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማሰሪያው ነው። ከ15 በላይ ቢሆን መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ የባትሪውን ውሃ ያፈላል።

መ) መብራት ሁሉ በርቶ ቁጥሩ ከ13 በታች ቢወርድ ዲናሞው ደክሟል፤ ወይም ቺንጋው ይንሸራተታል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ባትሪው በሌሊት ባዶ የሚሆን ከሆነ አይጡን መፈለግ ነው። ሁሉ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ከ0.05 አምፔር በላይ የሚፈስ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ በማውጣት ኃይል የሚወስደው ክፍል ይገኛል።

3ኛ፤ ጥንቃቄ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ዲናሞን መፈተን በቀድሞዎቹ መኪናዎች የተለመደ ነበር፤ በዛሬዎቹ ላይ ግን ዲናሞውንና መቆጣጠሪያውን ያቃጥላልና ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ሲፈታ አሉታዊው ገመድ አስቀድሞ ይወጣል፤ ሲታሰር በመጨረሻ ይገባል። ውሃው የጎደለ ባትሪ የተጣራ ውሃ እንጂ የወንዝ ውሃ አይጨመርበትም።

በየጽሕፈት ቤቱ እነዚህ ቁጥሮች ከነቀናቸው በመኪናው መዝገብ ቢጻፉ፤ አዲስ ባትሪ ሲጠየቅ ሹሙ መዝገቡን ተመልክቶ በእውነት ይወስናል፤ መኪናውም በሥራ ወራት ከመንገድ አይቀርም።