የቤት ወርክሾፕ የፍጥነት መኪና በቦንጋ ከፍታ፦ የአየር ተቃውሞ፣ የጎማና የመለኪያ ጥያቄ

በየብስ የፍጥነት ክብረ ወሰን ታሪክ ውስጥ ከጓሮና ከመጋዘን የወጡ ሥራዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። የኒውዚላንዱ በርት መንሮ በኢንቨርካርጊል ከተማ በነበረችው አነስተኛ መጋዘኑ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራች ኢንዲያን ስካውት ሞተር ብስክሌትን፣ ፒስተኗን ሳይቀር እያቀለጠ በእጁ በመቅረጽ፣ ለዐሥርት ዓመታት ሲያሻሽል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ አስመዘገበባት። በኦሃዮ ግዛት የአክረን ነዋሪ የነበረው አርት አርፎንስም ከአገልግሎት ውጭ የሆነ የጦር አውሮፕላን ጄት ሞተር ገዝቶና ራሱ ጠግኖ በሠራት ግሪን ሞንስተር እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የዓለምን ክብረ ወሰን ሦስት ጊዜ ሰብሯል።

እንዲህ ያለ ሥራ በካፋ ዞን ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ሞተሩ ከየት ይመጣል?» በሚል ይጀመራል፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ያበቃል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በተሳሳተ ቦታ እንደሚጀመር ያሳያል። አነስተኛ የፍጥነት መኪና በመሥራት ረገድ ሞተር ከችግሮቹ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ የአየር ተቃውሞን መቀነስ፣ ጎማንና ኩሽኔታን ከፍጥነቱ ጋር ማመጣጠን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሠራውን መለካት ነው። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው። መለካትን ያልለመደ ሠሪ የሥራውን ውጤት የሚያየው በአስፋልት ላይ በመክነፍ ብቻ ነው፤ ከጅማ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ ደግሞ የእግረኛ፣ የከብትና የባጃጅ መንገድ ነው።

በከተማው ያሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች አቅም መናቅ የለበትም። ከላሜራና ከቱቦላሬ በርና መስኮት የሚሠራ፣ የቡና መፈልፈያ ማሽን የሚጠግን፣ ብየዳውን አስተካክሎ የሚያወርድ ባለሙያ የመኪናውን አጽም መሥራት አይሳነውም። ቶርኖ በሌለበት አክስልን በትክክለኛ ልክ ማውጣት ያዳግታል፤ ይህ ግን በጅማ ወይም በአዲስ አበባ በሚከፈል ገንዘብ የሚፈታ ነው። በገንዘብ የማይፈታው ሌላ ነው።

ለስሌት ያህል አንዲት የምሳሌ መኪና ትወሰድ። ክብደቷ ከነአሽከርካሪዋ 400 ኪሎ ግራም፣ ከፊት ስትታይ ያላት ስፋት 0.6 ካሬ ሜትር፣ የቅርጿ የአየር ተቃውሞ መለኪያ ቁጥር 0.25 ነው እንበል፤ አሽከርካሪው በጀርባው ተጋድሞ የሚነዳት፣ እንደ ዓሣ የሾለች ጠባብ መኪና ማለት ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የአየሯ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር ወደ 0.98 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ አየር ውስጥ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ የአየሩ ተቃውሞ 227 ኒውተን ይሆናል። የጎማው የመንከባለል ተቃውሞ የክብደቷ 1.5 በመቶ ቢሆን 59 ኒውተን ይጨመራል። ይህን ሁሉ ለማሸነፍ ጎማው ላይ መድረስ ያለበት ኃይል 16 ኪሎዋት፣ ማለትም 21 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ብቻ ነው። በአንጻሩ አንድ ተራ ፒክአፕ የስፋቱና የቅርጹ ቁጥር ብዜት 1.2 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ በዚሁ ፍጥነት አየሩን ብቻ ለመሰንጠቅ 100 ኪሎዋት ይጠይቃል። ልዩነቱን ያመጣው ሞተር ሳይሆን ላሜራ ነው። ተቃውሞው በፍጥነቱ ካሬ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚያድግ፣ ቅርጹን ሳያርሙ ፍጥነትን በእጥፍ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው አየሩን ለማሸነፍ ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ማምጣት ይኖርበታል።

ከፍታው ለመኪናዋ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? መልሱ በሞተሩ ዓይነት ይወሰናል። ለንጽጽር ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ቢወሰድ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍግታ 1.155 ይደርሳል። በዚያ አየር የምሳሌዋ መኪና በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚገጥማት የአየር ተቃውሞ 267 ኒውተን ነው፤ ከቦንጋው በ18 በመቶ ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ግን የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። በቦንጋ 16 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር በዳሎል 18.8 ገደማ ይሰጣል። ተቃውሞውም ኃይሉም በአንድ መጠን ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የመጨረሻው ፍጥነት በሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ይሆናል። እንዲያውም የጎማው ተቃውሞ በአየር እፍግታ ስለማይለወጥ ቆላው በጥቂቱ ያሸንፋል፤ ይህ የሚሆነው ግን የጨው ሜዳው እንደ አስፋልት የጠነከረ ሲሆን ነው። ስለዚህ «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነውና መኪና ይከንፋል» የሚለው አባባል ለተራ የቤንዚን ሞተር አይሠራም።

ለኤሌክትሪክ ሞተር ግን ይሠራል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ኃይሉ በከፍታ አይቀንስም፤ የአየሩ መሳሳት ሙሉ በሙሉ ትርፉ ነው። ይህ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ባትሪዎች ቀስ በቀስ ወደ ጋራዦች መድረሳቸው አይቀርም። በፍጥነት ታሪክ ውስጥም ኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለም፤ ቤልጂየማዊው ካሚል ዤናትዚ እ.ኤ.አ. በ1899 በፓሪስ አቅራቢያ በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር የሄደው በኤሌክትሪክ መኪና ነበር። የመኪናው አካል የቶርፒዶ ቅርጽ ይዞ ሳለ አሽከርካሪው ግን ከወገቡ በላይ ከውጭ ተቀምጦ አየሩን በደረቱ ይገፋ ነበር፤ ቅርጹ ሊያተርፍ ከሚችለው ብዙውን ያባከነው ይኸው አቀማመጥ ይመስላል። በዘመናችን ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንድ የሞናኮ ኩባንያ ጋር ሆነው የሠሯት የኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በ2016 በቦንቪል በሰዓት 549 ኪሎ ሜትር አስመዝግባለች።

ወደ ጎማው ስንመጣ ስሌቱ ቀልድ አያውቅም። የባጃጅ ጎማን በመሰለ 20 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ጎማ ላይ፣ በጥርሱ ያለች 10 ግራም ላስቲክ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ39 ኒውተን ጉልበት ወደ ውጭ ትጎተታለች። በ200 ኪሎ ሜትር ጉልበቱ 154 ኒውተን ይደርሳል፤ አሥር ግራሟ ላስቲክ የ16 ኪሎ ያህል ሸክም ሆነች ማለት ነው። 16 ኪሎዋት አግኝቶ በእንዲህ ያለ ጎማ የሚነሣ ሰው ሞተሩ ሳይከዳው ጎማው ይከዳዋል። በጎማው ጎን ላይ የምትታተመው የፍጥነት ደረጃ ፊደል (በላቲን «ጄ» 100፣ «ፒ» 150፣ «ኤች» 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት) መነበብ ያለባት የሞተሩ ጉልበት ከመታሰቡ አስቀድሞ ነው። ኩሽኔታም እንዲሁ። አርፎንስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 በሰዓት ወደ 980 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሳለ መኪናው ተገለባብጦ የተበታተነው ሞተሩ ደክሞ ሳይሆን የጎማ ኩሽኔታ ነክሶ ነበር፤ እሱ በሕይወት ተርፏል።

የቀረው መለካት ነው። ያለ ንፋስ መሞከሪያ ዋሻ የአየር ተቃውሞን ማወቅ አይቻልም የሚል እምነት በተማሪዎች ዘንድ ሰፊ ቢሆንም፣ መኪናዋን በመጠነኛ ፍጥነት አስነሥቶ፣ ሞተሩን ከጎማው አላቆ እንድትንከባለል መተውና ፍጥነቷ የሚወርድበትን ጊዜ መመዝገብ በቂ ነው። የምሳሌዋ መኪና ከ60 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 14.6 ሰከንድ፣ ከ30 ወደ 20 ለመውረድ ደግሞ 17.8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል (የጎማዎቹ የመሽከርከር ግትርነት ጊዜውን በጥቂቱ ያረዝመዋል)። በዝቅተኛው ፍጥነት የሚሠራው በአብዛኛው የጎማው ተቃውሞ ሲሆን፣ በከፍተኛው የአየሩ ድርሻ ይጨመርበታል፤ ከሁለቱ ጊዜያት ሁለቱንም ተቃውሞዎች ለይቶ ማውጣት ይቻላል። በልዩነቱ ውስጥ የተደበቀው ቁም ነገር 3 ሰከንድ ብቻ በመሆኑ ግን በእጅ ሰዓት መመዝገብ አያዋጣም፤ የፍጥነት መለኪያውን በቪዲዮ ቀርጾ ምስል በምስል ማንበብ ይሻላል።

በቦንጋ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሜዳ የለም። የ0.5 በመቶ ተዳፋት፣ ማለትም በ100 ሜትር ውስጥ የግማሽ ሜትር ቁልቁለት፣ ዓይን የማያየው ነው። በ400 ኪሎ ግራም መኪና ላይ ግን 20 ኒውተን ያህል ይገፋል። የምሳሌዋ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ የሚገጥማት የአየር ተቃውሞም ይኸው 20 ኒውተን ገደማ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የለካ ሠሪ መኪናው አየር የማይዘው ተአምር ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ የለካው ግን ቁልቁለቱን ነው። መፍትሔው በዚያው የመንገድ ክፍል፣ በዚያው የፍጥነት ክልል ሄዶ መመለስና አማካዩን መውሰድ ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ ክብረ ወሰንን በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች በተደረገ ጉዞ አማካይ እንጂ በአንድ ጉዞ የማይቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ንፋስና ተዳፋት ለሂያጁ የሰጡትን ከተመላሹ ይወስዳሉ።

ፈተናው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አይጠይቅም፤ ለሕዝብ በተዘጋ አጭር መንገድም ይከናወናል። ከእሱ በሚገኙት ሁለት ቁጥሮች መኪናዋ በ200 ኪሎ ሜትር የምትጠይቀውን ኃይል ሳይነዷት በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ሙሉ ሙከራው ግን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በ16 ኪሎዋት የምሳሌዋ መኪና 190 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይፈጅባታል፤ በዚያ ላይ 1 ኪሎ ሜትር የመለኪያ ርቀትና ቢያንስ 400 ሜትር የማቆሚያ ርቀት ሲጨመር፣ የሚያስፈልገው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ፣ ሰው የማያቋርጠው ሜዳ ነው። በካፋ ኮረብቶች መካከል እንዲህ ያለ መንገድ የለም።