ወደ በለስ ዳር የሚደረግ ጉብኝት

ሕፃናትንና ወጣቶችን ይዞ ወደ ወንዝና ወደ ደን መውጣት በቁምስናዎቻችን የተለመደ ነው። መዝናናቱ መልካም ቢሆንም፣ አስቀድሞ ከታሰበበት ጉብኝቱ ራሱ ትምህርት ይሆናል። ለዚህም የፓዌ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በመጀመሪያ የምናየውን እንወቅ። የበለስ ወንዝ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ የመተከልን ቆላ በማቋረጥ ከዓባይ ይቀላቀላል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና ሐይቅ ውኃ በዋሻ ተመርቶ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ጣቢያ አልፎ ወደዚሁ ወንዝ ይገባል። በቆላው የሚበቅለው ቀርከሃ ከደጋው ይለያል፤ የደጋው ውስጡ ክፍት ሲሆን የቆላው ግን ድፍን ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድነት ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይደርቃል። ጉሙዞች ቤትና አጥር ይሠሩበታል፤ ለጋ ቡቃያውንም ይመገቡታል።

ሁለተኛው፣ የማን ደጅ እንደ ረገጥን ማስተዋል ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች መጥተው በፓዌ ሰፈሩ። ለእርሻና ለመንደር ሲባል ሰፊ ደን ተመነጠረ። ምድሪቱ ግን ባዶ አልነበረችም፤ ጉሙዞች ያርሱባት፣ ማር ይቆርጡባት፣ ያድኑባት ነበር። የሰፋሪውም ረሃብ፣ የነባሩም እጦት እውነት ነው። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» ባሉት መልእክታቸው፣ የምድር ጉዳትና የድሆች ሥቃይ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ያስተማሩት ለእንዲህ ያለው ቦታ ጭምር ነው።

ስለዚህ ጉብኝት ስናዘጋጅ፦

1. የመንገዱንና የቦታውን ሰላም ከአገር ሽማግሌዎችና ከአስተዳደሩ አስቀድመን እንጠይቅ።
2. የዛፉንና የወንዙን ነገር የሚያስረዳን የአካባቢው ተወላጅ ይሁን፤ የሰፋሪና የነባር ልጆችም አብረው ይሂዱ።
3. በበጋ የደረቀው ሣር በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አናንድድ፤ ቆሻሻም ጥለን አንመለስ።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን ከደኑ ምን ጠፋ? በመጥፋቱስ ይበልጥ የተጎዳው ማን ነው?

ልጆች ጥያቄውን ለወላጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው አቅርበው መልሱን በሚቀጥለው ትምህርት ይዘው ቢመጡ፣ ጉብኝቱ ፍሬ አፍርቷል ማለት ይቻላል።